እስክታጎነብስ ድረስ

አባባ የሞቱት አዲሱ ዳሌ በገባልኝ በዘጠነኛው ቀን ነው። እኔ የሰማሁት በሦስተኛው ወር ነው። በመሀል የት ነበርሽ ብትሉኝ፣ አሰላ፣ አክስቴ ቤት፣ በጡብ ከፍ ተደርጎ የቆመ አልጋ ላይ ተቀምጬ ሹራብ እሠራ ነበር። አንዳንዴም እስቅ ነበር። መሞታቸውን የትውልድ አገሬ ጮሌ ያውቃል፤ አሰላ ያውቃል፤ ወተት የምታመጣልን ሴት ታውቃለች፤ ወፍጮ ቤቱ ያውቃል። የማናውቀው እኔና ድመቷ ብቻ ነበርን። ስለ ድመቷም ዛሬ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

እኔ አፍ የለኝም። ሰው ከሁለት ከበለጠ ምላሴ ጥጉን ይዞ ይተኛል። ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ በጽሑፍ ነው፤ ወረቀት አያፈጥም። ስሕተት ብታገኙበት በስድስተኛ ክፍል አመካኙ። ሰባተኛ ክፍል የነበረው ዳገቱ ላይ ነው፤ የእኔ እግር ደግሞ ሜዳ ይወዳል። ሁለቱ ስላልተስማሙ ትምህርቴ እዚያው ቀረ።

እግሬን ላስተዋውቃችሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ የግራ ዳሌዬ አጥንት ከቦታው የወጣ ነበር። አራት ዓመት ሲሞላኝ አባባ በጀርባቸው አዝለው ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። ወጌሻው ሦስት ቀን ጎተተኝ። በሦስተኛው ቀን አባባ ከእኔ በላይ ጮኸው አስጣሉኝ። ከዚያ ወዲህ እግሬ አጠረ፤ እኔም እንደ ወፍ ዘለል ዘለል እያልኩ መሄድ ጀመርኩ። አባባ ስም አወጡልኝ፦ «ድንቢጥ»። ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ አለቅስ ነበር። እሳቸው ሲሉኝ ግን ክንፍ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ከእናቴ የወረስኩት ቁመቷን ብቻ ነው። የአባባ ዘር በሙሉ አጭር ነው፤ እናቴ ግን ረጅም ነበረች። አባባ ራሳቸው «መሰላል አገባሁ» ይሉ ነበር።

ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ሕመሙ እንቅልፍ ነሳኝ። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ፎቶውን ወደ መብራት አንሥቶ አየና «ይሄ ዳሌ የሰማንያ ዓመት ሴት ነው» አለኝ። እኔም ያንን ያህል ዘመን የኖረ ነገር በውስጤ ይዤ በመዞሬ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። በብረት ይቀየራል ተባለ። ይህንን ለአባባ ልነግር ጮሌ ሄድኩ።

አባባ ሰምተው ሲያበቁ «አይሆንም» አሉ። «እግዜር ያበጀውን አንዴ አስነክቼ አበላሸሁ። ሁለተኛ አላስነካም።»

እኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ደፍሬ ተናግሬአለሁ፤ እሱም ያን ዕለት ነው። «እግሬን ያበላሹት እርስዎ ነዎት። አሁን ደግሞ መዳኔን አያበላሹብኝ» አልኳቸው።

አያችሁ፣ እርስዎ ብሎ መሳደብ ጓንት አጥልቆ በጥፊ መምታት ነው። አባባ ባርኔጣቸውን አነሡና ወደ በሬዎቹ ሄዱ። እኔም በማግሥቱ ጠዋት ያረጀ ምርኩዜን እንኳ ሳልይዝ፣ ጉልበታቸውን ሳልስም፣ በመጀመሪያው መኪና ወጣሁ። ሰው መንገድ ሲወጣ የአባቱን ጉልበት ይስማል። ሳይስሙ መውጣት በር ከፍቶ እንደ መሄድ ነው፤ ንፋሱ ከኋላ ይከተላል።

ስለዚህ ሐሳቤ አንድ ነበር። ልድን፣ ጮሌ ልሂድ፣ አጎንብሼ የአባባን ጉልበት ልሳምና «ይቅር ይበሉኝ» ልበል። በስልክ አይሆንም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጉልበት በስልክ አይሳምም።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ስወጣ ሐኪሙ በቃል ሲለኝ የሰነበተውን ጽፎ በአንድ ወረቀት ሰጠኝ። ሦስት ወር ሙሉ፦ ከጉልበትሽ በታች በሆነ ነገር ላይ አትቀመጪ። አታጎንብሺ። እግርሽን አታጣምሪ። ዝቅ ካልሽ አዲሱ ዳሌ ይወልቃል። «ጉልበት መሳምስ ይቻላል?» ብዬ ልጠይቀው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አፈርኩና ዋጥኩት።

አክስቴ እቴቴ፣ የአባባ ታናሽ እኅት ናት። አሰላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሷም ግድግዳው ላይ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሰቀለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ በወረቀቱ ሕግ መተዳደር ጀመረ። አልጋዬ ጡብ ላይ ወጣ። ለመቀመጫ ከጭማቂ ቤት ረጅም ወንበር ተዋሱልኝ፤ እዚያ ላይ ስወጣ ገና ምን ይታዘዝልኝ የምል እመስል ነበር። ለሽንት ቤት ደግሞ እቴቴ የፕላስቲክ ወንበር ለአናጢ ወስዳ መሀሉን በክብ አስቆረጠችው። ያንን ወንበር አትርሱት፤ ወደ ኋላ ይመጣል።

አሰላ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እቴቴ ግቢ ውስጥ ስልክ አንሥታ ስታወራ ሰማሁ። ወዲያው ጮኸች። የእሷ ጩኸት ጭላሎ ተራራ ደርሶ የሚመለስ ጩኸት ነው።

«እቴቴ! ምን ሆንሽ?» አልኩ ከአልጋዬ።

«አይጥ!» አለች ከውጭ። «አይጥ አየሁ!»

እቴቴ አይጥ በነጠላ ጫማዋ የምትገድል ሴት ናት። ይህን እያወቅሁ፣ እኔ ሞኟ፣ «ትልቅ ብትሆን ነው» አልኩ።

በዚያው ቀን «ሲሬ ሠርግ ተጠርቻለሁ» ብላ ሄደች። ለሠርግ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነበር። ነጩ ታጥቦ ሳይደርቅ ቀርቶ ነው አልኩ። በአራተኛው ቀን ስትመለስ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበራትም።

«ምን ሆኖ ነው ድምፅሽ?»

«ዘፍኜ… ዘፍኜ ነው» አለች እንደ ዛገ በር ሲጥ ሲጥ እያለች።

«እንዲህ የሚያዘፍን ሠርግ የማን ነው?» አልኳት። ፊቷን አዞረች። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አንገቷ ላይ ጠምጥማው ነበር። ሐዘንተኛ እንዲያ እንደሚለብስ ጮሌም አውቃለሁ፣ አሰላም አውቃለሁ። ግን አሰላ ብርድ ነው። እኔ ሁሉን ነገር በብርድ አመካኘሁት።

እሷ በሌለችበት አራት ቀን የጠበቁኝ ጎረቤታችን አዴ ሙሚና ናቸው። አዴ ሙሚና አላህን የሚፈሩ፣ የሚሰግዱ፣ ውሸት በአፋቸው የማያልፍ ሴት ናቸው። እቴቴ «አደራ፣ እንዳትነግሪያት» ብላ በአላህ ይዛቸዋለች። እሳቸውም በአንድ በኩል አደራ፣ በአንድ በኩል ውሸት ሲይዛቸው ጊዜ መሀል መንገድ አገኙ።

«አዴ፣ አባባ ደውለው ነበር?»

«አላህ ያውቃል።»

«ደህና ናቸው ግን?»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እሳቸው በአላህ እጅ ናቸው።»

«ይመጣሉ ብላ ነው እቴቴ የነገረችዎት?»

«እርጎ ጠጪ።»

ከዚያ በኋላ አባባን ባነሣሁ ቁጥር እርጎ ይቀርብልኝ ነበር። በአራት ቀን ውስጥ የጠጣሁት እርጎ አንድ ጥጃ ያሳድጋል።

ከዚያ ጠያቂ መጉረፍ ጀመረ። እኔ ታምሜ ሰው ይጠይቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ሳነክስ የሚያየኝ ሰው ሁሉ ሰላም ብሎኝ የሚያልፍ ነው። አሁን ግን የሠፈሩ ሴት በሙሉ በሩ ላይ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባል። ገብቶ ያየኛል። ካየኝ በኋላ ያለቅሳል። እውነቴን ነው፤ አቅፈውኝ «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ትከሻዬን በእንባ ያርሱት ነበር። እኔም በሐፍረት እየቀለጥኩ አጽናናቸዋለሁ። «ኧረ ምንም አይደል፣ አሁን እኮ አያመኝም፣ ዳሌ ብቻ እኮ ነው» እላለሁ። ይህን ስል ይብስባቸዋል። አንዷማ «አይ የልጅ ነገር!» ብላ ወጥታ ግቢ ውስጥ ጮኸች። እዚያም አይጥ ታየ።

ባዶ እጃቸውንም አይመጡም። ንፍሮ ይዘው ይመጣሉ። ስንዴና ሽምብራ፣ ባቄላና ሽምብራ። ንፍሮ የለቅሶ ቤት ምግብ መሆኑን የማያውቅ ሐበሻ ሕፃን የለም።

«እቴቴ፣ ለምንድነው ንፍሮ ብቻ የሚያመጡት?»

«ለአጥንት ጥሩ ነው ይላሉ።»

እኔም በላሁ። የአባቴን ንፍሮ ለአጥንቴ ብዬ፣ እየጣፈጠኝ፣ በላሁ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ የሚቆመው ይህ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት እቴቴን ያዝኳት። «አባባ እስከ ዛሬ አልደወሉም። ካልደወሉ እኔ እደውላለሁ።» በማግሥቱ ስልኩን ይዛልኝ መጣች። «አባትሽ ነው። ጉንፋን ይዞታል፣ ብዙ አታናግሪው።»

ተቀበልኩ። ከወዲያ በኩል አንድ የታፈነ ድምፅ «ልጄ፣ እንዴት ነሽ?» አለኝ።

የአጎቴ የጋሼ ታደሰ ድምፅ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ድምፅ የአባባን የሚመስለው የወንድም ድምፅ የወንድምን የሚመስለውን ያህል ብቻ ነው። እኔ ግን የሰማሁት ድምፁን አይደለም። «ልጄ» የሚለውን ነው። አባባ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም፤ «ድንቢጥ» ነው የሚሉኝ። እንግዲህ ልዩነቱን አላስተዋለችም አትበሉ፤ አስተውዬዋለሁ። ግን የተረዳሁት ሌላ ነው። አባባ ተቀይመውኛል፣ ቂማቸው ስላልወጣ ስሜን ነፈጉኝ አልኩ።

«አባባ» አልኩ፣ «እኔ ያን ዕለት…» ከዚህ አላለፈም። ምላሴ ተኛ። ከወዲያም ሳል መጣ፤ ሳሉ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ እቴቴ ስልኩን ነጠቀችኝ። «ጉንፋኑ ባሰበት» አለች።

እኔም ከዚያው ሰዓት ጀምሮ ሹራብ ያዝኩ። ሹራብ መሥራት የእንጀራ ሙያዬ ነው፤ ብርድ ባለበት አገር ሹራብ የምትሠራ ልጅ ጾሟን አታድርም። ይህኛው ግን ለአባባ ነው። ከበግ ጸጉር፣ ወፍራም፣ አንገቱ እስከ ጆሮ የሚደርስ፣ ጉንፋን በየትም የማይገባበት። ሰው በአፉ ይቅርታ ማለት ካቃተው በእጁ ይበል ብዬ ነው።

«እቴቴ፣ የአባባ ትከሻ ከጋሼ ታደሰ ይሰፋል ወይስ ይጠባል?»

እቴቴ ሽንኩርት ስትልጥ ነበር። ሽንኩርቱን አስቀምጣ ወጣች። ቆይታ ስትገባ ዐይኗ ቀልቷል። «ሰፋ አድርጊው» አለች። «ሰፋ ያለ ለማንም ይሆናል።»

«ለማንም አይደለም፣ ለአባባ ነው» አልኳት ተቆጥቼ። እሷም መልሳ ሽንኩርቱን ያዘች። በዚያ ሰሞን ቤታችን የገባው ሽንኩርት በወጡ መጠን አልነበረም።

አምስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ቀን፣ ሰማዩ ገና ሲቀላ፣ በመስኮት ባይ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው ወደ ግቢያችን ሲገቡ አየሁ። ፊት ፊት የሚሄዱት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ሰውነታቸው ሙሉ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ። ከኋላ እቴቴና አዴ ሙሚና።

እንግዲህ በእኛ አገር ሦስት ሽማግሌ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ መርዶ ነው። ሌላው ልጅ ለጋብቻ ለመጠየቅ ነው። መርዶ በማለዳ ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? ብሩክ ነው አልኩ!

ብሩክ ባጃጅ ነጂ ነው። ከአዲስ አበባ ስመለስ ከመናኸሪያ እስከ ቤት ያመጣኝ እሱ ነው፤ እንዳይነቀንቀኝ ብሎ በእግረኛ ፍጥነት ሲነዳ አህዮች እንኳ ቀድመውን አለፉ። «አይዞሽ እኅቴ፣ የአሰላን ጉድጓድ ሁሉ በየስሙ አውቀዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በር ላይ መጥቶ እንዴት ሆነች ብሏል። በቃ፣ ይህችው ናት። ሽማግሌዎቹን በማለዳ የላከው ደግሞ ሥራ ቶሎ ስለሚገባ ነው ብዬ ሞላሁት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ «ይህችን ማን ያገባታል» ሲባል የሰማች ጆሮ፣ አንድ ቀን ብትሳሳት ይፈረድባታል?

ጸጉሬን በእጄ አስተካከልኩ። ሻሼን አሰርኩ። ጭማቂ ቤት ወንበሬ ላይ ወጥቼ አንገቴን ደፋሁ፤ አንገት መድፋት በወረቀቱ አልተከለከለም።

ገቡ። ቆሙ። ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ» አሉ፣ «የመጣነው… መቼም ሰው ሆኖ የማይደርስበት የለም። ዛሬ በእኛ ነገ በናንተ ነው። ሁሉም በተራው ይደርሰዋል…»

እኔ ጋብቻውን ነው የሚሉት ብዬ ይበልጥ አቀረቀርኩ። እቴቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ በዐይኔ ጥግ አየሁ። ትስቃለች፣ ደስ ብሏት ነው አልኩ። እንግዲህ ጨዋ ልጅ ስትጠየቅ ምን እንደምትመልስ ይታወቃል። እኔም ያለ የሌለ ድፍረቴን ሰብስቤ፣ በቀጭን ድምፅ፣

«አባባን ጠይቁ» አልኩ። «እሳቸው እሺ ካሉ እኔ እሺ ነኝ።»

ውጭ ዶሮ ስትጭር ይሰማል። ጋሽ ወርቁ አዩኝ። ከዚያ በቅርብ ያገኙት ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

ወንበሩ አትርሱት ያልኳችሁ ወንበር ነው። እቴቴ አጥባው በሩ ሥር አስቀምጣ ጨርቅ ደርባበት ነበር። ጋሽ ወርቁ ከነጋቢያቸው፣ ከነጨርቁ ሰመጡ። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ፤ እጃቸው አየር ቀዘፈ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በክንዳቸው ሲጎትቷቸው ወንበሩ አብሮ ተነሣ። አዴ ሙሚና «ያ ረቢ! በዚያ በኩል ግፉት!» ሲሉ፣ እቴቴ ልታቃና ስትሮጥ፣ እኔ ሳቅ አመለጠኝ። የተሰፋ ዳሌዬን በሁለት እጄ ይዤ ሳቅሁ። ሁሉም አዩኝ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ሳቁም አለቀሱም፣ ያን ዕለት ለመለየት አልቻልኩም።

ሽማግሌዎቹ ወንበሩን አላቅቀው ሄዱ። እቴቴ በር ላይ ስትለምናቸው ሰማሁ። «በእመቤታችን፣ ወረቀቱን አይታችሁታል። ከሰማች ራሷን መሬት ላይ ትጥላለች፣ ዳሌዋ ይወልቃል። እስክታጎነብስ ድረስ ተዉአት።» እኔ ይህንን የሰማሁት በጋብቻ ጆሮዬ ነው። መሬት መውደቁን በደስታ ነው፣ ማጎንበሱን ለሠርጉ ነው አልኩ። ብቻ በዚያ ሳምንት ብሩክ በበራችን ሲያልፍ መጋረጃ ሥር ተደበቅሁ፤ ያ ምስኪን ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቀና ብዬ ኖርኩ። ሹራቡ አለቀ። ሦስተኛው ወር ሲሞላ አዲስ አበባ ተመልሼ ታየሁ። ሐኪሙ አጥንቱ ይዟል አለኝ። ጫማሽን ራስሽ አሥሪ፣ ዝቅ በይ፣ አጎንብሺ ተባልኩ። ስለ ማነከሱም ስጠይቀው አልዋሸኝም፤ ሃያ ዓመት የሰነፈ ጡንቻ በብረት አይነቃም፣ ሕመሙ ይሄዳል እንጂ ትንሽ ታነክሻለሽ፣ ምርኩዝም አይለይሽ አለኝ። ይህን የአሰላ ሰው እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። «ብረት ገብቶልሽ ታነክሻለሽ?» ይሉኛል፣ አናጢ የከዳኝ ይመስል።

እቤት እንደ ገባሁ ግቢው መሀል ቆምኩና «እቴቴ፣ ተመልከቺ!» አልኩ። ምርኩዜን ይዤ አጎነበስኩ። የጫማዬን ክር ነካሁ። ቀና አልኩ። «አየሽ? ነገ ጮሌ ሄጄ የአባባን ጉልበት እስማለሁ!»

እቴቴ የያዘችው የበርበሬ ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። በርበሬው በእኔም በእሷም እግር ላይ ተበተነ። «ነገ» አለች። «ነገ ይሆናል ልጄ።» ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። እኔም ማጎንበስ ስለተፈቀደልኝ ደስ ብሎኝ አብሬያት ለቀምኩ።

በማግሥቱ ሰማዩ ሲቀላ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው ጋቢ። ጋሽ ወርቁ ገብተው ወንበር አልፈለጉም። ቆሙ። ከኋላዬ አዴ ሙሚና መጥተው በሁለት እጃቸው ብብቴን ያዙኝ። የዚያን ጊዜ አወቅሁ። ጋሽ ወርቁ አፋቸውን ሳይከፍቱ አወቅሁ። አይጡን አወቅሁ፣ ንፍሮውን አወቅሁ፣ ጉንፋኑን አወቅሁ። ሦስት ወር የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ በበሩ ገባ።

ልወድቅ አልተዉኝም። አዴ ሙሚና «ጀባዱ፣ በርቺ፣ በርቺ» ይሉኛል በጆሮዬ፣ እንባቸው አንገቴ ላይ እየወረደ። እቴቴ ሦስት ወር አምቃ የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው። «ወንድሜ! ወንድሜ! አለኝታዬ! እግርሽን አታጣምሪ! ወንድሜ!» ትላለች ደረቷን እየመታች። እኔም እግሬን አላጣመርኩም። ሰው በአባቱ መርዶ መሀል እግሩን ያስተካክላል? እኔ አስተካከልኩ።

ጮሌ ስንደርስ ዘመድ በሙሉ ለእኔ ተብሎ እንደ አዲስ ተሰብስቧል። ለቅሶው ከሩቅ ተቀበለን። ሹራቡን በፌስታል ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ደግፈውኝ ቤት ገባሁ። በእንባዬ መሀል አንድ ነገር አየሁ፤ ካየሁት በኋላ ደግሞ ዐይኔን ከእሱ ማንሣት አቃተኝ።

ቤታችን ግድግዳውን ተከትሎ የሚዞር የጭቃ መደብ አለ። እዚያ ላይ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ እግሩ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ሁሉም። ጋሼ ታደሰ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እግራቸው አየር ላይ ይወዛወዛል። መደቡ የዱሮው መደብ አልነበረም።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፌ ተከፈተ። «መደቡን ማን ከፍ አደረገው?»

ለቅሶው ቀዘቀዘ። ጋሼ ታደሰ ከመደቡ ዘለው ወረዱ። ድምፃቸውን ሰማሁ፤ የስልኩ ድምፅ ነው።

«አባትሽ ነዋ» አሉ። «ዘነበች፣ እቴቴሽ፣ ገና ሆስፒታል ሳለሽ ደውላ ከጉልበቷ በታች አትቀመጥም ተብላለች አለችው። ስልኩን ዘጋና ‹ታዲያ ስትመጣ የት ልትቀመጥብኝ ነው?› አለ። ትተሽው የሄድሽውን ምርኩዝ አመጣና መደቡ አጠገብ አቁሞ በአንቺ ቁመት ለካ። ያን ዕለት ድንጋይ መሸከም ጀመረ። እኛማ ሳቅንበት። ‹ይሄ መደብ ነው ወይስ ቆጥ?› ብንለው ‹ድንቢጥ የምታርፈው ቆጥ ላይ ነው› አለን።»

«ተቀይመውኝ አልነበረም?»

«በበሬዎቹ ነበር የተቀየመው፣ በዚያ ቀን አላርስ ብለውት።» ጋሼ ታደሰ ዐይናቸውን ጠረጉ። «ልስኑን በጨረሰ ማታ ‹ይድረቅ› ብሎ ተኛ። ጠዋት አልተነሣም። ሳይደርቅ ለቀስተኛ መጣበት። ጮሌ የዚያን ቀን ጭቃ በቀሚሱና በሱሪው ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሄደው።» ከዚያ ወደ ጥግ አመለከቱኝ። «ያችን ጥግ ግን አላስነካሁም።»

ጥጉ ላይ የዱሮ ምርኩዜ በአግድም ተጋድሟል፤ ማንም እንዳይቀመጥ። ከሥሩ ያለው ልስን ማንም ስላልተቀመጠበት እንደተለሰነ ደርቋል። ጠጋ ብዬ ሳይ የአባባ መዳፍ የሄደበት ይታያል፤ አራት ጣት፣ ወደ አንድ በኩል።

ሹራቡን አወጣሁና ለጋሼ ታደሰ ሰጠኋቸው። «ድምፃቸውን ተውሰዋል፣ ልብሳቸውንም ይልበሱ» አልኳቸው። ለበሱት። እቴቴ ሰፋ አድርጊው ያለችኝ ልክ ነበር፤ እጅጌው ግን እስከ ጣታቸው ወረደ።

ምርኩዙን አነሣሁ። ጉልበታቸውን ስላጣሁት አጎነበስኩና ያንን የመዳፍ ምልክት ሳምኩ። ጭቃ ጭቃ አለኝ። ከዚያ ዞሬ ወረቀቱ እንዳዘዘው ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። ዳሌዬ ከጉልበቴ በላይ ሆነ። ወደ ታች አየሁ። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ነክተዋል። ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሀል እግሩ መሬት የደረሰ እኔ ብቻ ነበርኩ።